የ400ው ክራንክሻፍት በ350ው ብሎክ ውስጥ፦ የአንድ ስሞል ብሎክ ሼቭሮሌት ሞተር የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ደረጃ 1፦ ያለውን ዕቃ መለየት

መኪናው የ1971 ሼቭሮሌት ሼቬል ሲሆን ሥራው የሚካሄደው በኮሎራዶ ግዛት ኦሮራ ውስጥ፣ በቤቴ ጋራዥ ነው። ከመኪናው የወጣው ሞተር ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንች ስሞል ብሎክ (የሼቭሮሌት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ቤተሰብ) ነው፤ ከጎኑ ደግሞ ከአንድ አሮጌ ፒክአፕ የወጣና በ250 ዶላር የተገዛ ባለ 400 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ተቀምጧል። ዕቅዱ የ350ውን ሲሊንደሮች በ0.030 ኢንች አስፍቶ የ400ውን ክራንክሻፍት፣ ማለትም የፒስተኖቹን ምት ወደ ዙር የሚለውጠውን ዘንግ፣ በውስጡ ማስገባት ነው፤ ስሌቱ፣ ማለትም 4.030 ኢንች ስፋትና 3.75 ኢንች የፒስተን ምት በስምንት ሲሊንደር፣ 382.7 ኪዩቢክ ኢንች ስለሚሰጥ ሞተሩ በተለምዶ 383 ይባላል። ይህ ቅልቅል በአሜሪካ የሞተር ሠራተኞች ዘንድ ለአሥርተ ዓመታት የተሠራበት ነው። ማስታወሻውን የምይዘው የትኛው ዕቃ እንዳለ እንደሚገባ፣ የትኛው ተቆርጦ ወይም ተሞርዶ እንደሚገባ፣ የትኛው ደግሞ ያለ ምንም ችግር ታስሮ ቆይቶ ሞተሩን እንደሚያበላሽ ለመመዝገብ ነው። ገንዘብ የሚበላው ሦስተኛው ዓይነት ነው።

የስሞል ብሎክ ቤተሰብ በ1955 በ265 ኪዩቢክ ኢንች ተጀምሮ በ283፣ በ327፣ በ302፣ በ307፣ በ350ና በ400 ሲቀጥል፣ በአንድ ሲሊንደር መሐልና በቀጣዩ መሐል ያለው ርቀት 4.400 ኢንች ሆኖ ቆይቷል። የቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ክዳን) ብሎኖች አቀማመጥ፣ የካምቢዮ ማሰሪያው ቅርጽና የዲስትሪቢውተሩ ቦታም በመሠረቱ አልተለወጡም። በዚህ ምክንያት ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያዩት በውስጥ መለኪያዎቻቸው ስለሆነ የመጀመሪያው ሥራ ቁጥር ማንበብ ነው። የብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) የቀረጻ ቁጥር ከኋላ፣ ካምቢዮው በሚታሰርበት ጠርዝ አጠገብ በሾፌሩ በኩል ይገኛል፤ የእኛው 3970010 ይላል። ይህ ቁጥር በብዛት የሚታየው በ1970ዎቹ የ350 ሞተሮች ላይ ቢሆንም፣ ዋናዎቹ የክራንክሻፍት ማቀፊያዎች በሁለት ብሎን ይሁን በአራት ብሎን የታሰሩ መሆናቸውን አይናገርም፤ ይህን ለማወቅ የዘይት ገንዳውን ማውረድ ግድ ነው። የእኛው ባለ ሁለት ብሎን ሆኖ ተገኘ። ለመንገድ መኪና ይበቃል፤ ባለ አራት ብሎን ፍለጋ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት በዚህ የኃይል ደረጃ ትርፉ አይታየኝም።

ክራንክሻፍቶቹም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ከ350ው የወጣው 3932442፣ ከ400ው የወጣው ደግሞ 3951527 ነው። ሁለቱም የብረት ቀረጻ ናቸው።

በዚህ ደረጃ አንድ ወዳጄ «የ350 ነው፣ በርካሽ አገኘሁልህ» ብሎ የመግቢያ ማኒፎልድ (አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ዕቃ) ይዞልኝ መጣ። ማኒፎልዱ የኦልድስሞቢል ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት በደንብ መጻፍ ይገባል፦ ጄኔራል ሞተርስ በዚያ ዘመን 350 ተብለው የሚጠሩ፣ እርስ በርሳቸው ዝምድና የሌላቸው አራት ሞተሮች ነበሩት። የሼቭሮሌቱ 4.000 በ3.48፣ የፖንቲያኩ 3.876 በ3.75፣ የኦልድስሞቢሉ 4.057 በ3.385፣ የቢዩኩ ደግሞ 3.800 በ3.850 ኢንች ነው። ቴስታታቸው፣ ማኒፎልዳቸውና ክራንክሻፍታቸው አይለዋወጥም፤ የሦስቱ የካምቢዮ ማሰሪያ ቅርጽ እንኳ ከሼቭሮሌቱ የተለየ ነው። በ1977 በኦልድስሞቢል ዴልታ 88 ውስጥ የሼቭሮሌት 350 ተገጥሞ በመሸጡ ገዢዎች ኩባንያውን እስከ መክሰስ መድረሳቸው፣ ልዩነቱ ለተራ ገዢም ጭምር ትርጉም እንደነበረው ያሳያል። ማኒፎልዱ ከምስጋና ጋር ተመለሰ።

ደረጃ 2፦ የ400ው ሞተር ሲፈታ

ሻጩ ሞተሩ «ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር» ብሎኝ ነበር። ቀደም ሲል በአዲስ አበባ ጋራዦች ለረጅም ጊዜ የሠሩና አሁን እዚሁ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሞተሩን ሊያዩ ሲመጡ ቴስታታውንም ሲሊንደሩንም ሳያዩ በቀጥታ ወደ ፊት ለፊቱ ሄደው የክራንክሻፍቱን ዳምፐር፣ በፊት ጫፉ ላይ የሚታሰረውን ንዝረት የሚቀንስ ክብ ብረት፣ በእጃቸው ዳሰሱ።

«ይህ የ400 ዳምፐር አይደለም። ክብደቱ የታለ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። የ400ው ክራንክሻፍት በውስጡ ባሉት ክብደቶች ብቻ ሚዛን አይጠብቅም፤ ምቱ ረጅም በመሆኑ በክራንክኬሱ ውስጥ በቂ ክብደት የሚቀመጥበት ቦታ ስላልነበረ፣ ፋብሪካው የጎደለውን ክብደት ከፊት በዳምፐሩ ላይ፣ ከኋላ ደግሞ በፍሌክስፕሌቱ (በኋላ ጫፉ ላይ በሚታሰረው ጥርሳም ክብ ሰሌዳ) ላይ ጨምሮታል። ሌሎቹ ባለ ሁለት ቁራጭ የኋላ ሲል (የዘይት ማሸጊያ) ያላቸው ስሞል ብሎኮች ሚዛናቸው ሙሉ በሙሉ በውስጥ ነው። የ350 ዳምፐር በ400 ክራንክሻፍት አፍንጫ ላይ ያለ ምንም ተቃውሞ ይገባል፣ ብሎኑም ይጠብቃል፣ ሞተሩም ይነሣል። ከዚህ በፊት ሞተሩን የሠራው ሰው ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ውጤቱም ሲፈታ ታየ። የፊተኛው ዋና ኩሽኔታ (የክራንክሻፍቱ ማረፊያ) እስከ መዳቡ ድረስ ተበልቷል፣ የመካከለኞቹ ግን ደህና ናቸው። የዘይት እጥረት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በአንድ ጫፍ ብቻ ባልታየ ነበር።

ብሎኩ ራሱም ከጥቅም ውጭ ሆኖ ተገኝቷል። የ400ው ሲሊንደር ስፋት 4.125 ኢንች ስለሆነ በሁለት ሲሊንደሮች መካከል የሚተርፈው 0.275 ኢንች ብቻ ነው፤ በዚያ ቦታ ውኃ ማሳለፍ ስለማይቻል ሲሊንደሮቹ ተጣብቀው ተቀርጸዋል። በመካከላቸው የሚታፈነው እንፋሎት እንዲያመልጥ ከብሎኩ ወደ ቴስታታው የሚያልፉ ትንንሽ የእንፋሎት ቀዳዳዎች ተሠርተዋል። የ350 ቴስታታ በ400 ብሎክ ላይ ሲታሰር እነዚህ ቀዳዳዎች በቴስታታውም ላይ መበሳት አለባቸው። በእኛው ላይ የነበሩት የ350 ቴስታታዎች አልተበሱም። ሞተሩ ሞቆ ያውቃል፤ በሁለት ቦታ ከእንፋሎት ቀዳዳው የተነሣ ስንጥቅ ይታያል። አንድ ሞተር፣ ሁለት የተሳሳተ ልውውጥ፤ ሁለቱም ጊዜ ብሎኖቹ በትክክል ገብተዋል።

ደረጃ 3፦ ክራንክሻፍቱን ወደ 2.45 ማውረድ

ስሞል ብሎክ ሦስት የዋና አንገት መጠኖች አሉት። እስከ 1967 ድረስ ክራንክሻፍቱ በብሎኩ ላይ የሚያርፍባቸው አንገቶች 2.30 ኢንች፣ የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) አንገቶቹ ደግሞ 2.00 ኢንች ነበሩ። ከ1968 ጀምሮ ዋናዎቹ 2.45፣ የቢዬላዎቹ 2.10 ሆኑ። የ400ው ዋና አንገት ብቻውን 2.65 ነው፤ የቢዬላው አንገት ግን እንደ 350ው 2.10 ነው። ስለዚህ የ400ው ክራንክሻፍት በ350ው ብሎክ ውስጥ ለመቀመጥ ከእያንዳንዱ ዋና አንገት ላይ 0.200 ኢንች በቶርኖ መቆረጥና መወልወል አለበት። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ማለትም የ350 ክራንክሻፍት በ400 ብሎክ ውስጥ ሲገባ፣ ወፍራም ኩሽኔታ ወይም ቀለበት ይበቃል፤ 0.030 የሰፋ የ400 ብሎክ በ3.48 ምት 377 የሚባለውን ሞተር የሚሰጠው እንዲህ ነው። የእኛ የ400 ብሎክ ግን ስለተሰነጠቀ ይህ አማራጭ አልነበረም።

የቶርኖ ሥራው 280 ዶላር ተጠየቀበት። ዛሬ 3.75 ምት ኖሮት ከመጀመሪያውም በ2.45 አንገት የተሠራ አዲስ የቀረጻ ክራንክሻፍት ከዚህ ብዙም በማይርቅ ዋጋ ይገኛል። ከባዶ የሚጀምር ሰው አዲሱን ቢገዛ እመክራለሁ። እኔ አሮጌውን የመረጥሁት ቀድሞ በእጄ ስለነበረና በማግኔት ሲመረመር ስንጥቅ ስላልተገኘበት ነው።

ክራንክሻፍቱ ከቶርኖ ቤቱ ሲመለስ የአንገቶቹ ዲያሜትር ልክ ነበር፤ ማይክሮሜትሩ በአምስቱም ላይ 2.448 አካባቢ አሳየ። ችግሩ ያለው በአንገቱና በጎኑ መገናኛ ላይ ነበር። ያ ማዕዘን ክብ ጉድጎድ ያለ መሆን አለበት፤ በሦስተኛው አንገት ላይ ግን ስል ሆኖ ተቆርጦ ነበር። በ0.200 ኢንች የቀጠነ አንገት ላይ ስል ማዕዘን ማለት ክራንክሻፍቱ የሚሰበርበት ቦታ ተመርጦለታል ማለት ነው። ለዓይን ስለማይጎላ በጥፍርና በክብ መለኪያ ማየት ያስፈልጋል። ዕቃው ተመለሰ፤ ማዕዘኑን ለማስተካከል አንገቶቹ ሁሉ ተጨማሪ 0.010 ኢንች መውረድ ነበረባቸው፤ ስለዚህ 0.010 የሚያንስ ኩሽኔታ ታዘዘ። ክፍያ አልተጨመረም፤ ጊዜው ግን አለፈ።

ደረጃ 4፦ ቢዬላና ፒስተን

እዚህ የሂሳብ ሥራ አለ። የብሎኩ ከፍታ፣ ከክራንክሻፍቱ መሐል እስከ ቴስታታው መቀመጫ፣ 9.025 ኢንች ነው። ከዚህ ውስጥ የምቱ ግማሽ፣ የቢዬላው ርዝመትና ከፒስተኑ ፒን እስከ ፒስተኑ አናት ያለው ቁመት መቀመጥ አለባቸው። በተራው 350 ላይ 1.740፣ 5.700 እና 1.560 ተደምረው 9.000 ይሆናሉ፤ ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት በ0.025 ዝቅ ብሎ ይቆማል። የ400ው ቢዬላ ግን 5.565 ኢንች ነው፤ 1.875፣ 5.565 እና 1.560 ሲደመሩም ያው 9.000 ይመጣሉ። የቀድሞዎቹ ሠራተኞች የ400ን ክራንክሻፍት ከነቢዬላው ወስደው የ350 ዓይነት ፒስተን የሚያስገቡት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ለ383 የተለየ ፒስተን በማይገኝበት ዘመን ብልህ መፍትሔ ነበር።

ዛሬ የ383 ፒስተን በየመደብሩ ስለሚገኝ እኔ 5.7 ቢዬላን መርጫለሁ፤ ፒስተኑ ባለ 1.425 ሲሆን ድምሩ እንደገና 9.000 ነው። የቢዬላ ርዝመት ለምት ሲካፈል በተራው 350 1.64፣ በ5.7 ቢዬላ 1.52፣ በ5.565 ቢዬላ ደግሞ 1.48 ይሆናል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቢዬላው ይበልጥ እየተጋደመ ፒስተኑን ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይገፋዋል። በ1.52ና በ1.48 መካከል ያለው ልዩነት ግን በወሬ የሚጋነነውን ያህል አይደለም፤ ለውሳኔዬ የበለጠ የመዘነው የ350ው ቢዬላዎች ጥሩ ሆነው መገኘታቸውና በአዲስ ብሎን ብቻ መታደስ መቻላቸው ነበር።

ደረጃ 5፦ የሚነካካውን መሞረድ

3.75 ምት ያለው ክራንክሻፍት በ350 ብሎክ ውስጥ ሲሽከረከር የቢዬላ ብሎኖች ሁለት ቦታ ይቸገራሉ፦ ከታች በዘይት ገንዳው ማሰሪያ ጠርዝና በሲሊንደሮቹ ግርጌ፣ ከላይ ደግሞ በካምሻፍቱ (ቫልቮቹን በጉብታዎቹ በሚከፍተው ዘንግ)። ብሎኩ ከመታጠቡ በፊት ኩሽኔታ፣ ክራንክሻፍት፣ ካምሻፍትና ቀለበት ያልገባባቸው ፒስተኖች ለሙከራ ገቡ። ክራንክሻፍቱ በእጅ ቀስ ብሎ ሲዞር የነካበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፣ ወጥቶ በትንሽ የአየር መሞረጃ ይሞረዳል፣ እንደገና ይሞከራል። የምፈልገው ክፍተት ቢያንስ 0.060 ኢንች ነው፤ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አጥፎ በክፍተቱ ውስጥ ማሳለፍ ፈጣን መለኪያ ነው። ሲሞረድ ከሲሊንደሩ ግርጌ ጀርባ የውኃ መተላለፊያ እንዳለ መዘንጋት አይገባም፤ ቶሎ ቶሎ እያቆሙ ማየት እንጂ በአንድ ጊዜ መብላት አያስፈልግም።

የካምሻፍቱን ክፍተት ለማየት ክራንክሻፍቱ ሁለት ሙሉ ዙር መዞር አለበት፤ ካምሻፍቱ በክራንክሻፍቱ ፍጥነት ግማሽ ስለሚዞር፣ በአንደኛው ዙር ያለፈ ቢዬላ በሁለተኛው የካሙን ጉብታ ሊያገኘው ይችላል። በእኛው ላይ ሁለት ቢዬላዎች ክፍተታቸው ጠባብ ሆኖ ስለተገኘ የብሎኖቹ ትከሻ በጥቂቱ ተሞረደ። ያ ባይበቃ ኖሮ መሠረቱ የቀጠነ ካምሻፍት መግዛት ይጠይቅ ነበር። ካምሻፍቱ ሌላ ቢቀየር ወይም የጥርሱ አቀማመጥ በጥቂት ዲግሪ ቢዛወር ይህ መለካት እንደገና መደረግ አለበት።

ከዚህ በኋላ ብሎኩ ለማስፋትና ለመወልወል ሄደ፤ 320 ዶላር።

ደረጃ 6፦ ሚዛን

ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው በክራንክሻፍቱ ክብደቶች ውስጥ ከባድ የተንግስተን ብረት አስገብቶ ሚዛኑን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ማምጣት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ማንኛውም የ350 ዳምፐርና ፍሌክስፕሌት ይሠራል። ሁለተኛው የፋብሪካውን መንገድ ጠብቆ የ400 ዳምፐርና የ400 ፍሌክስፕሌት መጠቀም ነው። የከባዱ ብረት ዋጋ ከዳምፐሩና ከፍሌክስፕሌቱ ድምር ስለበለጠ ሁለተኛው ተመረጠ። ክራንክሻፍቱ፣ ዳምፐሩ፣ ፍሌክስፕሌቱ፣ አንድ ፒስተን፣ አንድ ቢዬላ፣ ቀለበቶችና ኩሽኔታዎች በአንድነት ወደ ሚዛን ሠሪው ሄዱ፤ 275 ዶላር። ፒስተኑና ቢዬላው ስለተለወጡ የፋብሪካው ክብደት ብቻውን ይበቃል ብሎ መተው አይቻልም።

የ400 ፍሌክስፕሌት ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። የሼቬሉ አሮጌ ፍሌክስፕሌት 153 ጥርስ ያለው ትንሹ ነበር፤ የ400ው ባለ 168 ጥርስ፣ ወደ 14 ኢንች የሚጠጋ ነው። በዚህም ሞተሪኖው ይለወጣል፦ ለትንሹ የሚሆነው ሞተሪኖ ብሎኖቹ ጎን ለጎን ትይዩ ናቸው፣ ለትልቁ የሚሆነው ግን አንደኛው ብሎን ወደ ውጭ ፈቀቅ ያለ ነው። ብሎካችን ለሁለቱም የተበሳ ስለነበረ ሌላ ሞተሪኖ ብቻ ተገዛ። በ1986 አካባቢ ከመጡት ባለ አንድ ቁራጭ የኋላ ሲል ሞተሮች የወጣ ፍሌክስፕሌት ግን ከነጭራሹ አይገባም፤ የብሎኖቹ ክብ በቀድሞው 3.58፣ በኋለኛው 3.00 ኢንች ነው። ይህኛው እንኳ ደግ ነው፤ እምቢ ስለሚል ማንንም አያሳስትም።

የ400ው ዳምፐር 8 ኢንች ስፋት ስላለው በአሮጌው የፊት ክዳን ላይ የነበረው የማቀጣጠያ ጊዜ ምልክት ለእሱ አይሆንም። ምልክቱ እንደ ዳምፐሩ ስፋትና እንደ ዘመኑ ቦታው ይለያያል፤ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ክዳንና ዳምፐር ተቀላቅለው ከመጡ ትክክል የሚመስል ግን በብዙ ዲግሪ የሚያሳስት ንባብ ያገኛሉ። ስለዚህ በአንደኛው ሲሊንደር ላይ የፒስተን ማቆሚያ ገብቶ፣ ክራንክሻፍቱ በሁለቱም አቅጣጫ እስኪቆም ዞሮ፣ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ነጥብ ፒስተኑ ከላይ ጫፍ የሚደርስበት እውነተኛ ነጥብ ሆኖ ተመዘገበ፤ አዲሱ ጠቋሚም በዚያ መሠረት ታሰረ።

ስለ ዘይት ገንዳው አጭር ማሳሰቢያ፦ እስከ 1974 የተሠሩት በፊት በኩል ቀጭን ላስቲክ፣ ከ1975 ጀምሮ ያሉት ወፍራም ላስቲክ ይወስዳሉ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ደግሞ በ1980 ከሾፌሩ ጎን ወደ ተሳፋሪው ጎን ተዛውሯል። የሼቬሉ የራሱ ገንዳ ከራሱ የፊት ክዳን ጋር ስለቀረ እኛን አላስቸገረንም።

ደረጃ 7፦ ቴስታታና ኮምፕሬሽን

በእጄ የነበሩት የ350 ቴስታታዎች 76 ሲሲ የማቃጠያ ክፍል አላቸው። አማራጩ ከ1996 ጀምሮ በጄኔራል ሞተርስ ፒክአፖች ላይ የነበሩት የቮርቴክ ቴስታታዎች ናቸው፤ ክፍላቸው 64 ሲሲ ሲሆን የአየር መተላለፊያቸው ከአሮጌዎቹ የተራ መኪና ቴስታታዎች በግልጽ የተሻለ ነው። በ25 ዓመት የሚበልጣቸው ብሎክ ላይ በዚያው ብሎን፣ በዚያው ቦታ ይታሰራሉ።

ከመግዛቴ በፊት ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር የሚታመቅበትን ምጣኔ፣ አስላሁ። የአንድ ሲሊንደር ይዘት 784 ሲሲ ያህል ነው። ፒስተኑ በ0.025 ዝቅ በማለቱ 5.2 ሲሲ፣ የ0.039 ውፍረትና የ4.100 ስፋት ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን 8.4 ሲሲ ይይዛሉ። ጠፍጣፋ ፒስተን ከነቫልቭ ማሳለፊያ ጎድጓዶቹ 7 ሲሲ ነው። በ76 ሲሲ ቴስታታ ምጣኔው 9.1 ለ1 ይሆናል፤ በ64 ሲሲ ቴስታታ ወደ 10.3 ይወጣል። በብረት ቴስታታ ላይ 10.3 ለመንገድ መኪና ያሰጋኛል፤ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩ ሊያንኳኳ ይችላል። አናቱ በ12 ሲሲ የጎደጎደ ፒስተን ሲገባ ግን 9.7 ይሆናል፤ የታዘዘውም ይህ ነው።

ቦታውም ሚና አለው። ኦሮራ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ስስ ነው፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ በኮሎራዶ ማደያዎች ተራው ቤንዚን 85 ኦክቴን፣ ከፍተኛው 91 መሆኑ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጋሼ «አዲስ አበባ ብትነዳው 10 ተኩልም አያንኳኳም ነበር» ብለው አከራከሩኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሐሳባቸው መሠረት አለው፤ ነገር ግን ይህ መኪና ወደ ካንሳስ ሜዳ ወርዶ በሙቀት ሲነዳ እንዳያንኳኳ 9.7ን ይዣለሁ።

የቮርቴክ ቴስታታ ዋጋ በራሱ ዋጋ አያልቅም። ያገለገሉት ጥንድ 300 ዶላር ወጣባቸው፣ የቫልቭ ሥራው ደግሞ 350። የመግቢያ ማኒፎልዱ በአሮጌው 12 ብሎን ሳይሆን በ8 ብሎን፣ በሌላ ማዕዘን ስለሚታሰር የቀድሞው ማኒፎልድ አይሆንም፤ አዲሱ 280 ዶላር ነው። የማጥበቂያ ልኩም ዝቅተኛ ነው፣ 11 ፉት ፓውንድ፤ በአሮጌው ልማድ 30 ድረስ መሳብ ጓርኒሲዮኑን ይጨፈልቃል። የቫልቭ ክዳኖቹ በጠርዝ ሳይሆን በመሐል ብሎን የሚታሰሩ ስለሆኑ የሼቬሉ ክዳኖች መደርደሪያ ላይ ቀሩ። ሮከሮቹ (ቫልቮቹን የሚገፉት ክንዶች) ራሳቸውን በቫልቩ ጫፍ ላይ የሚያስተካክሉ ዓይነት ናቸው፤ የአሮጌው ሞተር ሮከሮች ብሎናቸው ላይ ይገባሉ፣ ይጠብቃሉም፣ ነገር ግን በዚህ ቴስታታ ላይ የሚመራቸው ስለሌለ ከቫልቩ ጫፍ ላይ ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ከዳምፐሩ ጋር አንድ ዓይነት ወጥመድ ነው።

የቫልቭ ማንሻ ልኩም ገደብ አለው። ቴስታታው ሳይነካ ከ0.460 ኢንች ብዙም ሳያልፍ የቫልቭ ስፕሪንጉ መያዣ ከቫልቭ መምሪያው ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ ከ0.450 የማያልፍ ካምሻፍት ተመረጠ። የጭስ ማኒፎልዶቹና በቴስታታው ጫፍ ላይ ያሉት የዲናሞ ማሰሪያ ቀዳዳዎች ያለ ችግር ገጥመዋል። እነዚህ ቀዳዳዎች ከ1969 በፊት በነበሩ ቴስታታዎች ላይ የሉም፤ በዚያው ዓመት አጭሩ የውኃ ፓምፕ በረጅሙ ስለተተካ ፑሊ፣ ማሰሪያና ፓምፕ ከአንድ ዘመን መሆን አለባቸው፣ አለበለዚያ ቺንጋው በአንድ መስመር አይቆምም።

አንድ ያልታሰበ ነገር ከካርቡራተሩ መጣ። የ1971 ኳድራጄት ካርቡራተር ቾክ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚቀንሰው ክዳን) የሚሠራው በማኒፎልዱ ላይ ተቀምጦ የጭስ ሙቀት በሚቀበል ጥምዝ ስፕሪንግ ነው። የቮርቴክ ቴስታታ ይህ የጭስ መተላለፊያ የለውም፤ ሙቀት ከሌለ ቾኩ ሳይከፈት ይቆያል። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቾክ ያለው ሌላ ካርቡራተር ከአንድ ያገለገለ ዕቃ ሻጭ ተገዛ።

በዚሁ መሐል ፎርድ ያለው ጓደኛዬ የ351 ዊንድሰር ቴስታታ በ302 ላይ ይታሰራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይታሰራል፤ ነገር ግን የቴስታታው ቀዳዳዎች ለግማሽ ኢንች ብሎን የተበሱ ሲሆኑ የ302 ብሎኖች 7/16 ስለሆኑ ማጥበቢያ ቀለበት ያስፈልጋል። የ351ዱ ብሎክ በቁመት ስለሚበልጥ የመግቢያ ማኒፎልዱ አይለዋወጥም፣ የማቀጣጠል ቅደም ተከተላቸውም ይለያያል። የክራይስለሩ 360ም ዋና አንገቱ 2.81 ሲሆን የ318ና የ340 2.50 ነው፤ ሚዛኑም እንደ 400ው ውጫዊ ነው። በሦስቱም ኩባንያዎች ነገሩ አንድ ዓይነት ነው፦ ትልቁ ወንድም ከውጭ ይመሳሰላል፣ የውስጥ ልኩ ግን የራሱ ነው።

ደረጃ 8፦ መገጣጠምና ማስነሣት

የዋና ኩሽኔታ ክፍተት በፕላስቲክ ክር ሲለካ በሁሉም ላይ 0.0025 አካባቢ ሆነ። የቴስታታ ብሎኖች ቀዳዳቸው ወደ ውኃ ስለሚዘልቅ በጥርሳቸው ላይ ማሸጊያ ተቀብቶ በሦስት ዙር ወደ 65 ፉት ፓውንድ ጠበቁ። የፑሽሮዱ (የካምሻፍቱን ግፊት ወደ ሮከሩ የሚያደርሰው ዘንግ) ርዝመት በቫልቩ ጫፍ ላይ በሚተወው የቀለም ዱካ ተፈተሸ፤ ዱካው መሐል ላይ ስላረፈ የፋብሪካው ርዝመት ቀረ።

ካምሻፍቱ ጠፍጣፋ ታፔት (በካሙ ጉብታ ላይ የሚያርፍ ገፊ) ያለው ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ወሳኝ ናቸው። የዘይት ፓምፑ አስቀድሞ በድሪል ዞሮ ዘይት ወደ ሮከሮቹ እስኪደርስ ተጠበቀ። ዚንክ የበዛበት ዘይት ተሞላ፤ ሞተሩ እንደተነሣ በዝግታ እንዲሠራ ሳይፈቀድለት ከ2,000 ዙር በላይ ተይዞ ቆየ። በዝግታ ሲሠራ ካሙ የሚረጭለት ዘይት ስለሚያንስ ጉብታዎቹ በዚያች ጊዜ ይጠፋሉ።

በ2,000ም በ3,500ም ዙር ላይ ንዝረት የለም። በሙቅ ዘይት በዝግታ ሲሠራ ግፊቱ 28፣ በ2,500 ዙር 52 ፓውንድ ነው። የማቀጣጠያው ጊዜ በጠቅላላው 34 ዲግሪ ላይ ተቀምጧል፤ ኮረብታ ላይ ሲጫን በ91 ቤንዚን አያንኳኳም፣ በ85 ግን ትንሽ ይሰማል። ካንዴላዎቹ ሲወጡ ጥቁር ናቸው፤ ካርቡራተሩ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ስለሆነ ለዚህ ከፍታ ቤንዚን ያበዛል። ሁለት ቁጥር የሚያንሱ ጄቶች (የቤንዚኑን መጠን የሚወስኑ ማሳለፊያዎች) ተተክተው የኋላ ሲሊንደሮች ካንዴላ ወደ ቡናማ ተመልሷል፤ የፊተኞቹ ገና ናቸው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ጄቶቹን በአንድ ቁጥር ዝቅ አድርጎ መሞከር፣ በ800 ኪሎ ሜትር ዘይቱን ቀይሮ ማጣሪያውን በመቁረጥ የብረት ብናኝ መኖር አለመኖሩን ማየት፣ የማኒፎልዱን ብሎኖችም እንደገና በ11 ፉት ፓውንድ መፈተሽ ነው።